ሐረጎን በቀዳዳ ዲስክ? ስለ ፍሬን ለተጻፈ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከልኝ ከደሴ ኮምቦልቻ አብረን የምንመላለስ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «ይቺን አንብብና ቅዳሜ ዲስክ እንግዛ» ይላል መልእክቱ። አነበብኳት። ደገምኳት። ከዚያ ደወልኩና «ብርህን ለጊዜው ኪስህ ውስጥ አቆያት» አልኩት። «ለምን?» አለኝ። ለምኑ በስልክ የሚያልቅ አልሆነም። ይኸው ጻፍኩት።

ጽሑፉ በየቀኑ ለሚነዳ የቤት መኪና የፍሬን ዲስክ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውና ሸራ ጨብጦ የሚያቆመው ክብ ብረት፣ ሲቀየር ምን ዓይነት ይመረጥ የሚል ነው። ቁልቁለት ያለበትን አገር ሲያነሳ ደሴንና ኮምቦልቻን በስም ይጠራል። ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው። ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና ቀዳዳና ቦይ ያለው ዲስክ ይገዛ፤ ልሙጡ ለሜዳ ነው። ኦሪጅናል ካልሆነም አይገዛ። መሪ የሚያንቀጠቅጥ ዲስክ ጎብጧልና ይጣል። አዲስ ዲስክ ከመገጠሙ በፊት ቶርኖ ቤት ገብቶ ይላጥ። ሸራ በተቀየረ ቁጥር ዲስክም አብሮ ይቀየር፤ የፊቱም የኋላውም። ረጅም ቁልቁለት በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳይገባ፣ ቢወረድ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ፍሬኑ ከጋለ ታች ሲደረስ ውሃ ይረጭበት።

ጸሐፊው ለሰው ሕይወት ተቆርቁረው እንደጻፉ ይታያል። አንድ ነገርም በትክክል ብለዋል። ዲስክ አንዱን ጎማ ብቻ ነጥሎ አይቀየርም፤ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ነው የሚቀየረው። አለበለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። እዚህ ላይ እጄን አወጣለሁ። በሌላው ላይ ግን አልስማማም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ደሴ እያደርኩ ኮምቦልቻ የምሠራ፣ አሮጌ ቪትዝ የምነዳ ሰው ነኝ። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ጠዋት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። በዚህች መኪና ዕድሜ ሦስት ጥንድ ዲስክ ቀይሬያለሁ። አንዱን ጥንድ ያበላሸሁት በራሴ እጅ ነው። እመጣበታለሁ።

ከቀዳዳው ልጀምር። ባልደረባዬን ያማለለውም እሱ ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ቀዳዳው አየር ስለሚያስገባ ዲስኩ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አይከዳም። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ግን ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ አልተናገሩም።

ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከእሷ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ብላ ነው የተቀመጠችው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም ቢባል ነው። መኪናዬ አምስት ሰውና ጥቂት ሻንጣ ይዛ 1,400 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። ይህን ክብደት 600 ሜትር ማውረድ ማለት ከ8 ሚሊዮን ጁል በላይ ጉልበት የሆነ ቦታ ማራገፍ ማለት ነው። ቁጥሩ ምንም ካልነገራችሁ በሌላ መንገድ ልበለው። ያው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ አንዴ ቀጥ ብሎ ሲቆም የሚያራግፈው 350 ሺህ ጁል ያህል ነው። ስለዚህ ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ ከ80 ወደ ዜሮ 24 ጊዜ ያህል እንደመቆም ነው። ያውም ሳያርፉ።

ደግነቱ ሁሉም ፍሬን ላይ አይወድቅም። ከፊሉን ንፋሱ ይወስደዋል። ጎማውም የድርሻውን ይወስዳል። ማርሽ ውስጥ ከሆናችሁ ሞተሩ ብዙውን ይሸከማል። የተረፈው ግን ሙቀት ሆኖ በአብዛኛው ሁለቱ የፊት ዲስኮች ላይ ያርፋል።

አሁን የብረት ምጣድን አስቡ። ቡና የሚቆላበትን። ስሱ ምጣድ እሳት ላይ ሲጣድ ወዲያው ይግላል፤ ቡናውንም ያሳርራል። ወፍራሙ ቀስ ብሎ ነው የሚግለው። ዲስክም እንደዚያው ነው። ሙቀቱን መጀመሪያ የሚቀበለው ብረቱ ራሱ፣ ክብደቱ ነው። ዲስክ ላይ ቀዳዳ ስትበሱ ብረት ቀነሳችሁ። ምጣዱን አሳሳችሁት። ያው ሙቀት ባነሰ ብረት ላይ ሲያርፍ ዲስኩ የባሰ ይግላል እንጂ አይቀዘቅዝም።

የሚያቀዘቅዘው ሌላ ነገር ነው። የፊት ዲስካችሁን ከጠርዙ እዩት። ሁለት ጠፍጣፋ ብረት፣ በመካከላቸው እንደ ግድግዳ የቆሙ ቀጫጭን ክንፎች ታያላችሁ። ጎማው ሲዞር አየር ከመሃል ይሳባል፣ በክንፎቹ መካከል ያልፋል፣ በጠርዙ ይወረወራል። ማራገቢያ ማለት ነው። ልሙጡም ዲስክ ይህ አለው። ዋናው የማቀዝቀዝ ሥራ የሚሠራው እዚያ ውስጥ ነው። ፊቱ ላይ የተበሱት ቀዳዳዎች የሚጨምሩት ጥቂት ነው።

ታዲያ ቀዳዳ ለምን ተፈጠረ? ድሮ የነበሩት ሸራዎች በጣም ሲግሉ ጋዝ ያወጡ ነበር። ጋዙ በሸራውና በዲስኩ መካከል ገብቶ መያዣ ያሳጣል። ቀዳዳውም ቦዩም ለዚያ ጋዝ መውጫ በር ነበሩ። የዛሬ ሸራ እንደዚያ ብዙም አያደርግም። ከፋብሪካ ቀዳዳ ዲስክ ይዘው የሚወጡ ስፖርት መኪኖች እንዳሉ አውቃለሁ። እነሱ ግን ዲስኩን ከመጀመሪያው አተልቀው ነው የሚሠሩት፤ ቀዳዳው የሚቀንሰው ብረት ታስቦለታል። ለቪትዝ ወይም ለኮሮላ በመደበኛው መጠን ተሠርቶ ኋላ የተበሳ ዲስክ ግን ያው ብረት ሲቀነስለት ነው።

ደግሞ ስንጥቅ አለ። ብረት ሲግልና ሲበርድ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። ቀዳዳ ባለበት ቦታ ጭንቀቱ ጠርዙ ላይ ይከማቻል። እኛ ጋ ደግሞ በየቀኑ ነው። ጠዋት ከደሴ ጉም ወጥተን፣ ሐረጎን ወርደን፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ እንገባለን። ማታ ወደ ብርዱ እንመለሳለን። አንድ የሰፈሬ ሰው ቀዳዳ ዲስክ አስገጥሞ ነበር። በቸርኬው ቀዳዳ ሲታይ ያምራል፤ አልዋሽም። ዓመት ሳይሞላው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚሄድ ፀጉር የመሰለ መስመር ወጣበት። መካኒኩ በጣቱ ነክቶ አሳየው። «ወንድሜ፣ ይኼ ወላሂ ሌላ ሐረጎ አይወርድም» አለው።

ለቀዳዳው ፍርድ ላለማጓደል፦ ዝናብ ላይ ዲስኩ እርጥብ ሲሆን ትንሽ ቶሎ ይይዛል። ልክ ነው። ግን በልሙጥ ዲስክም በክረምት አልፎ አልፎ ፔዳሉን በስሱ ነካ ካደረጋችሁ ውሃው ይጠረጋል። ቦይ ያለው ዲስክ ከቀዳዳው ይሻላል፤ ቶሎ አይሰነጠቅም። ሸራ ይበላል፣ ይጮሃልም። ለዕለት መኪና ምን ያደርግልናል?

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ የምመልሰው አጭር ነው፤ ልሙጥ፣ ውስጡ ክንፍ ያለው፣ ልኩ ከመኪናው ጋር የሚገጥም ዲስክ። ጸሐፊው ስለ ልክ አንድ መስመር እንኳን አልጻፉም። የሚገርመኝ ይህ ነው።

ልክ ስል ውፍረት ነው ዋናው። ዲስኩ ጠርዝ ላይ ወይም መሃሉ ላይ ባለው ቆብ የመሰለ ክፍል ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። የመጨረሻው ቅጥነት ነው። ለምሳሌ 22 ሚሊ ሆኖ የወጣ ዲስክ ላይ 20 የሚል ብታገኙ፣ 20 ሲደርስ ዕድሜው አበቃ ማለት ነው። ሁለት ሚሊ ብቻ ነው የሚበላው። ብዙ ሰው ዲስኩ በዓይን ወፍራም ስለሚመስለው «ገና ነው» ይላል። ምጣዱ ግን ሳስቷል።

ሲለካ አንድ ማታለያ አለ። ሸራ የማይነካው የዲስኩ ዳር ሳይበላ ይቀርና እንደ ከንፈር ቆሞ ይታያል። ቨርኒየር ይዞ የሚለካ ሰው መሣሪያውን ከንፈሩ ላይ ካሳረፈው ያልተበላውን ለካ። እኔ የማደርገው ይኸውላችሁ። ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም እወስዳለሁ። አንዱን በፊት፣ አንዱን በኋላ፣ የተበላው ቦታ ላይ እይዛቸዋለሁ። ከነሳንቲሙ እለካለሁ። ከዚያ የሳንቲሞቹን ውፍረት እቀንሳለሁ። መካኒኬ መጀመሪያ ሲያየኝ ስቆብኝ ነበር። አሁን እሱም ሳንቲም ይጠይቀኛል፤ አይመልስም እንጂ።

ከውፍረቱ ሌላ የዲስኩ ስፋት፣ የቆቡ ቁመት፣ የመሃሉ ቀዳዳ ስፋትና የብሎን ቁጥር መግጠም አለባቸው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው መኪኖች በሞዴል ዓመትና በሞተር ይለያያሉ። ቪትዝ ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣልን። መኪናው ቪትዝ ነው ብሎ ብቻ ማዘዝ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የማይገጥም ዕቃ ማምጣት ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ላኩ። የአሮጌውን ዲስክ ፎቶ ከነልኩ ላኩ። ዕቃው ሲመጣ ሁለቱን ደራርባችሁ እዩ።

ኦሪጅናል ካልሆነ አትግዙ የሚለውንም በጥቂቱ። አቅም ካለ ጥሩ። ግን ዲስክ ምሥጢር ያለው ዕቃ አይደለም። ግራጫ ቀለጥ ብረት ነው፤ ውስጡ ባለው ካርቦን ምክንያት ሙቀት ያስተላልፋል፣ ንዝረት ይውጣል። ካርቦኑ ከፍ ያለ ተብሎ የሚሸጠው ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ሙቀት ይችላል። ትንሽ ጨምሮ እሱን መግዛት ቀዳዳ ከመግዛት ይበልጣል። የአውሮፓን ደንብ አልፈው የመጡ ዲስኮችና ሸራዎች በክብ ውስጥ ያለ የላቲን «ኢ» ፊደልና ቁጥር ተጽፎባቸዋል። እሱን ፈልጉ። ግራጫ ቀለም የተቀባውም ለደሴ እርጥበት ይስማማል። ካልተቀባው ጋር ስትኖሩ ሌሊት ዝናብ አድሮ ጠዋት ዲስኩ ቡናማ ዝገት ለብሶ ብታዩት አትደንግጡ። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ፒያሳ ሳትደርሱ ሸራው ጠርጎ ይጨርሰዋል።

ያገለገለ ዲስክ? መጥላት አልችልም፤ ስንቱ ሰው በእሱ ነው የሚኖረው። ግን ሳይለኩ አይገዛም። ልኩ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ከተጠጋ በርካሽ የተገዛ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

ወደ መንቀጥቀጡ ልምጣ። ጸሐፊው መሪ ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ጎብጧል፣ ጣሉት ይላሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኼኔ ነው። ብዙ ጊዜ ዲስኩ አልጎበጠም። ጎድሎ ነው፤ ማለትም አንዱ ቦታ ከሌላው ቦታ በጥቂቱ ቀጥኗል፣ ወይም የሸራ ቅሪት አንድ ቦታ ተጣብቆበታል። መሪ ላይ ለመሰማት የ0.02 ሚሊ ልዩነት ይበቃዋል። የአንድ ፀጉር ሲሶ ያህል ናት። ያቺ ልዩነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው ዲስኩ ሲገጠም በትክክል ስላልተቀመጠ ነው።

በእኔ የደረሰው እንዲህ ነበር። አዲስ ዲስክ አስገጠምኩ። ለሦስት ወር ያህል ቅቤ ነበር። ከዚያ በ60 ላይ ፍሬን ስይዝ መሪው ይርገፈገፍ ጀመር። የገጠመው ሰው «ዲስኩ ፎርጂድ ነው፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። ልገዛ ነበር። አሁን ወደያዝኩት መካኒክ የሄድኩት ያኔ ነው። ጎማውን ፈታ፣ ዲስኩን አወጣ፣ ሞዞውን፣ ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበትን መሃል፣ አሳየኝ። ዲስኩ የሚቀመጥበት ፊት ላይ ዝገት እንደ ቅርፊት ተጣብቋል። ሰዓት የሚመስለውን መለኪያ አስሮ ዲስኩን በእጁ ሲያዞር መርፌዋ ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ ሄደች። የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ አካባቢ ነው። ሞዞውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጸዳው። ዲስኩን መልሶ አስቀመጠ። መርፌዋ ዝም አለች። ከዲስኩ ላይ የተቆጠበው ብር ሻይ ብቻ አይደለም፣ ምሳም ጋበዘን።

ሌላው ምክንያት ጎማውን የሚያስረው ዳዶ አጠባበቅ ነው። ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲገጠም ልጁ ቁልፉ ላይ ወጥቶ ይዘልበታል። አንዱ ዳዶ በእግር፣ ሌላው በእጅ ከጠበቀ ዲስኩ በጥቂቱ ይጣመማል። የእኔ መኪና መመሪያ 103 ኒውተን ሜትር ይላል። መለኪያ ያለው ቁልፍ ካልተገኘ ቢያንስ በመስቀል፣ ትይዩ ትይዩውን፣ ደረጃ በደረጃ እኩል ይጥበቅ። እኔ ጎሚስታ ጋ ቆሜ ነው የማስጠብቀው። ይሰለቹኛል። ይሰልቹኝ።

ዲስክ ፈጽሞ አይጎብጥም ግን አልልም። ጎብጦብኝ ያውቃል። የተከተልኩትም ውሃ ይረጭበት የሚለውን የጸሐፊውን ምክር ነበር፤ ያኔ ሌላ ሰው ነበር የመከረኝ እንጂ። አንድ ቅዳሜ ቤተሰብ ጭኜ ሐረጎን እግሬ ፔዳል ላይ እንዳለ ወረድኩ። ሸራው ሸተተ። ኮምቦልቻ እንደደረስኩ በቀጥታ ላቫጆ ገባሁ። ልጁ መጀመሪያ የረጨው ጎማውን ነው። «ጭስስስ» ብሎ እንፋሎት ተነሳ፤ ልጆቼ አጨበጨቡ። እኔም «ቀዘቀዘ» ብዬ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ቀን መሪው ተንቀጠቀጠ። ሞዞው ንጹሕ ነበር። ዳዶው ልክ ነበር። የጋለ ብረት አንዱ ወገኑ በድንገት ሲበርድ ሌላው ወገን ገና እሳት ነው፤ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ብርጭቆ ላይ የፈላ ውሃ እንደመገልበጥ ነው። ሦስተኛ ጥንዴን የገዛሁት በዚያ ሳምንት ነው።

የጋለ ፍሬን የሚበርደው በመሄድ ነው። ታች ሜዳው ላይ ስትደርሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳትይዙ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ክንፎቹ ሥራቸውን ይሠራሉ። ወዲያው ቆማችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ አትያዙ። የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ማኅተሙን ይተዋል፤ ያ ማኅተም ነው ኋላ መሪ የሚያነቃንቀው።

ፎሌው ደግሞ ይብሳል። ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው የካርቡራተር ዘመን ወሬ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንነዳው ኢንጄክሽን መኪና ነው። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፎሌ ስታደርጉ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። ስለዚህ በፎሌ የወረደ ሰው ነዳጁንም ፍሬኑንም ጨረሰ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ጨርሶ ቁልፍ አጥፍቶ የሚወርደው ነው። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም ይከብዳል።

ማንዋል መኪና በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ይወርዳል። በምን ማርሽ ትወጡት ነበር? በዚያው ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ «ኤል»፣ «2» ወይም «ቢ» የሚል ቦታ አለ፤ ለጌጥ አልተጻፈም። ሞተሩ ሲጮህ አትፍሩ። ፍሬኑን ያዝ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉና ልቀቁ፤ ሲጨምር እንደገና ያዙ። እግርን አሳርፎ እንደ ትራስ መደገፍ ነው ዲስክ የሚያቃጥለው።

አሁን ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ነገር። የፍሬን ዘይት። ቁልቁለት ላይ «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ዲስክ አይደለም። ዘይቱ ነው የሚፈላው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን በትንሹ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠብቀው 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይገባል። እንፋሎት ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። የዓለምን ምርጥ ዲስክ ብትገጥሙ አይረዳችሁም። ዘይት በየሁለት ዓመቱ መቀየር ከአንድ ጥንድ ዲስክ እጅግ ይረክሳል። ባልደረባዬን «መቼ ቀየርክ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ይቀየራል እንዴ?» አለኝ። ስድስት ዓመት ነው መኪናዋን የያዘው።

ሸራውም እንደዚያው ችላ ተብሏል። ከሸራው ጎን ላይ ከቁጥሮች ጋር ሁለት የላቲን ፊደላት ታገኛላችሁ፤ «ኢኢ»፣ «ኤፍኤፍ»፣ «ጂጂ» የመሳሰሉ። የመጀመሪያው ሸራው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ፊደሉ ወደ «ጂ» በሄደ ቁጥር መያዙ ይበረታል። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ወደ ኋላ የሄደበት ሸራ ሲግል ይደክማል ማለት ነው፤ ለሐረጎ አልፈልገውም። «ኤፍኤፍ» ይበቃኛል። ጥራቱን ሁሉ አይናገርም፤ ከዝምታ ግን ይሻላል።

ሸራ በተቀየረ ቁጥር ዲስክ ይቀየር የሚለው ሻጭን ያስደስታል። ዲስኩ ልኩ ላይ ካለ፣ ስንጥቅ ከሌለው፣ ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት ከሌለው ለምን? በአንድ ዲስክ ሁለት ሸራ ማስጨረስ የተለመደ ነው። የተገላቢጦሹ ግን እውነት ነው። አዲስ ዲስክ ስትገጥሙ አሮጌ ሸራ አትመልሱበት። አሮጌው የአሮጌውን ዲስክ ጉብታና ጎድጓዳ ለብሷል።

አዲስ ዲስክ ቶርኖ ቤት ማስገባት? አያስፈልግም። ፋብሪካው ጨርሶ ነው የላከው። ቶርኖው ላይ ጥቂት ዘንበል ብሎ ከታሰረ ያልነበረ ጥፋት ይፈጠራል፤ ውፍረቱም በከንቱ ይሄዳል። በፍሬን ማጽጃ ወይም በሳሙና ውሃ ዘይቱን ማጠብና ማድረቅ ይበቃል። አሮጌ ዲስክ ማስላጥ ሌላ ጉዳይ ነው። ከተላጠ በኋላ ከመጨረሻው ቁጥር በላይ የሚቀር ከሆነ ጥሩ ሥራ ነው፤ ደሴም ኮምቦልቻም ጎበዝ ቶርኖ ሠሪዎች አሉ። ልክ ቁጥሩ ላይ ከደረሰ ግን ለሚቀጥለው ወር ምን ተረፈው?

ዲስኩ ሲገጠም አንድ ነገር ለመካኒኩ አስታውሱት። ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ወጥተው ይጸዱ። ደርቀው ከያዙ ካሊፐሩ አይመለስም፤ አንዱ ሸራ ሲያልቅ ሌላው አዲስ ይሆናል፣ ዲስኩም ሲነድ ይውላል። ቅባቱ የፍሬን ቅባት ይሁን። ተራ ግራሶ የፒኖቹን ላስቲኮች ያሳብጣቸዋል።

አዲስ ዲስክና ሸራ ደግሞ መተዋወቅ አለባቸው። ከገጠማችሁ ማግስት ሐረጎን አትውረዱ። እኔ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ሰው በሌለበት ሰዓት እሄዳለሁ። ከ60 ወደ 20 ዝቅ፣ እንደገና ወደ 60፤ አሥር ጊዜ ያህል፣ ሳልቆም። ከዚያ ፍሬን ሳልነካ ጥቂት ነድቼ አበርደዋለሁ። የመጨረሻውን ጥንድ ከጁምዓ በኋላ መንገዱ ጭር ሲል ነበር ያለማመድኩት። ጠጅ ሳር የመሰለ ሽታ ሳይሆን የተቃጠለ ሸራ ሽታ ትንሽ ይሸታል፤ ጤናማ ነው።

የኋላ ዲስክም ይቀየር ያሉት ቀርቷል። ለዚህ ብዙ ቃል አላባክንም። የእኔም የባልደረባዬም መኪና ከኋላ ዲስክ የለውም፤ ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ታምቡር ነው። ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ዝም አለና «ታዲያ ጽሑፉ አራት ዲስክ ግዛ ያለኝ የትኛው መኪና ላይ ልገጥመው ነው?» አለኝ። ቅዳሜ የገዛነው አንድ ሊትር ዶት 4 ነው።